ከውጭ የተቆለፈ በር

ሲኒማ የሚሉት ሰውዬ ሌባ ከመሆኑ በፊት ትኬት ቆራጭ ነበር። የሲኒማ ቤቱን መጋረጃ በአንድ እጁ ገለጥ አድርጎ ይዞ፣ በሌላው ትኬት እየቀደደ፣ ዓይኑን ከሸራው ላይ ሳይነቅል ነው ወጣትነቱን የጨረሰው። ሌላው ሰው አንድ ፊልም አንዴ አይቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እሱ ግን ፊልሙ ከሸራ እስኪወርድ ድረስ ያንኑ ደጋግሞ ስለሚያይ፣ ማን ማንን እንደሚከዳ ከተዋናዮቹ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ተዘግቶ የሶፋ መሸጫ ሲሆን ስሙ ብቻ አብሮት ቀረ።

በተለይ የዘረፋ ፊልም ነፍሱ ነው። ባንክ የሚገለብጡ፣ ባቡር የሚያስቆሙ፣ ከሙዚየም ሥዕል ጠቅልለው የሚወጡ። ዘረፋውን ግን እንደ ቁም ነገር አይቆጥረውም። እሱን የሚይዘው፣ ሌቦቹ ጠረጴዛ ከበው ቃል የሚገባቡበትና ኋላ ያ ቃል የሚፈርስበት ቦታ ነው። "ካዝናው ሁልጊዜ ይከፈታል" ይላል። "ካዝና ያቃተው ሌባ አይቼ አላውቅም። የሚያበላሸው ሰው ነው። ሁልጊዜ አንድ አለ።"

የሚስቱ ታላቅ ወንድም ቁልፍ ሠሪ ነው። ሱቁ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ናት፤ ደንበኛ ሲገባ እሱ ሆዱን መሳብ አለበት። ሥራ የፈታ ትኬት ቆራጭና የማይከፍተው በር የሌለው ቁልፍ ሠሪ በየእሁዱ አንድ ገበታ ላይ ሲቀርቡ ወሬው ወዴት እንደሚያመራ መገመት አያቅትም። ሐሳቡን ማን ቀድሞ እንዳነሣው ሁለቱም አያስታውሱም፤ ወይም አናስታውስም ይላሉ።

ደንቡን ያወጣው ሲኒማ ነው፤ ለዓመታት ሲያጠናው የኖረ ጉዳይ ነውና። መሣሪያ አይያዝም። ሰው ያለበት ቤት አይገባም። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስበት ነገር አይነካም። ከሁለቱ አንዱ ቢያዝ ብቻውን ነበር። ያልተያዘው እስር ቤት ድርሽ አይልም፤ የተገኘውንም ነገር የታሰረው እስኪፈታ ጫፉን አይነካም። "ደግሞ ሁለት ብቻ መሆናችን ጥሩ ነው" አለ፣ "አንዳችን ከከዳን ማነው እያልን አንቸገርም።" ቁልፍ ሠሪው በዚህ በጣም ሳቀ።

እሱ በበኩሉ በደንቡ ላይ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የከፈቱት በር ተመልሶ ይቆለፋል። ይህ ብልጠትም ነበረው፤ በሩ እንደነበረ ከተገኘ ባለቤቱ መዘረፉን የሚያውቀው ውሎ አድሮ ነው፣ ያኔም መጀመሪያ የሚጠረጥረው የገዛ ሠራተኞቹን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ብልጠቱ ሰበብ ነበር። ሰውዬው ክፍት በር ሲያይ ሰውነቱን ይበላዋል። እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት ሳይቀር ተነሥቶ በር ይዘጋል። አንድ ጊዜማ የአንዲት ወይዘሮን የማድ ቤት ቁልፍ ቀየረ፤ ዘይት ቀባው፣ ቆለፈው፣ እጀታውን ሳብ አድርጎ አረጋገጠ፣ ከዚያ ሒሳቡን ሊቀበል ሴትየዋን ቢፈልጋት ከነድስቷ ውስጥ ቆልፎባታል። ይህችን ታሪክ እህቱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታወራታለች፤ ወይዘሮዋ በመስኮት ብቅ ብላ "አንተ ሰውዬ፣ እኔንም ገጠምከኝ እንዴ?" ያለችውን ስታስመስል እሱ ራሱ እንባው እስኪወርድ ይስቃል።

የጥርስ ሐኪሙ ክሊኒክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሐኪሙና ጸሐፊዋ በምሳ ሰዓት ቆልፈው ይወጣሉ። ለጥርስ የሚሆነው ወርቅ በውስጠኛው ክፍል መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህንን ሲኒማ ያወቀው የራሱን መንጋጋ ሊያስነቅል ሄዶ አፉን ከፍቶ በተኛበት ነው። በሩ ከውስጥም ከውጭም በቁልፍ ካልሆነ የማይከፈት ዓይነት ነበር። ቁልፍ ሠሪው ከፈተው። ሲኒማ ገባ። ቁልፍ ሠሪው ሳጥኑን ከፍቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ እየጠገነ የሚመስል ሰው ሆነ። ለመምሰል ብዙ ድካም አልጠየቀውም።

ሲኒማ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ቦርሳውን አቀበለው። ሊወርድ ሲል ግን ዓይኑ በእጁ በቀረች አንዲት ትንሽ ፖስታ ላይ አረፈ። ላይዋ ላይ የአንዲት በሽተኛ ስም ተጽፎ ከሥሩ "የጋብቻ ቀለበት" ይላል። ሴትየዋ ቀለበቷን ለጥርሷ እንዲያቀልጡላት የሰጠች ናት።

"ይቺ አትሆንም" አለ ሲኒማ። "ባሏ ሞቶባት ይሆናል። ቦታዋ መልሻት ልምጣ።"

"ቶሎ በል" አለው አማቹ።

ሲኒማ ተመልሶ ገባ። በዚህ መሐል አንዲት እናት ጉንጩ ያበጠ ልጇን እየጎተተች ደረጃውን ወጣች።

"ሐኪሙ አሉ?"

"ለምሳ ወጥተዋል። ስምንት ሰዓት ይመለሳሉ።"

"አንተ እዚህ ነው የምትሠራው?"

"ቁልፍ ሠሪ ነኝ፣ እመቤት።"

ይህን ሲል ጉዳዩ ተፈጸመ። ሌብነቱ ሄዶ ቁልፍ ሠሪው ብቻ ቀረ። ሴትየዋ ሌላ ሐኪም በቅርብ እንዳለ ስትጠይቀው መንገዱን እያመላከታት እጁ በሩን ዘጋ፤ ሁለት ጊዜ አዞረ፤ እጀታውን ሳብ አድርጎ አረጋገጠ። ሳጥኑንና ቦርሳውን አንሥቶ፣ ልጁን "አይዞህ የኔ ጀግና፣ አያምህም" እያለ፣ ከእናትና ልጅ ጋር ደረጃውን ወረደ። ከሕንጻው በር ላይ እናትየዋ ወደ አመላከታት ሐኪም ሄደች። ከዚያ በኋላ እሷን ያየ የለም፤ እሷም ምን እንዳየች አላወቀችም።

የተቀጣጠሩት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነበር። ቁልፍ ሠሪው እዚያ ተቀምጦ ሲኒማ ዘገየ ብሎ ተናደደ። ይሄ ሰውዬ መቼም መንገድ ላይ የፊልም ማስታወቂያ ካየ አይንቀሳቀስም ብሎ አማው። አንድ አውቶቡስ መጣ፣ ሰው አወረደ፣ በሩ ፊቱ ላይ ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው እጁ የሠራውን ጭንቅላቱ የሰማው። ወደ ሕንጻው በሩጫ ተመለሰ። ጸሐፊዋ ከምሳ ቀድማ መጥታ ኖሮ ደረጃው በሰው ተሞልቷል፣ ዘበኛውም በሩ ላይ ቆሟል። ቁልፍ ሠሪው ከሰው ኋላ ቆሞ አየና ወደ ሱቁ ሄደ። ደንቡ እንደዚያ ይላል። እስከ ዛሬም ድረስ ግን እግሩን ያዞረው ደንቡ ይሁን ፍርሃቱ ለይቶ አያውቅም።

ጸሐፊዋ በሩን ስትከፍት ሲኒማ የመጠበቂያው ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ መጽሔት ያገላብጥ ነበር።

"ምን ትሠራለህ እዚህ?" ብትለው፣

"ተራዬን እየጠበቅሁ ነው" አላት።

ፖስታዋ ከኪሱ ተገኘች። መሳቢያው ጋ ሳይደርስ በሩ ሲቆለፍ ሰምቶ፣ ኪሱ ከትቷት ወደ በሩ ተመልሶ ነበርና፤ ከዚያ በኋላ ትዝም አላለችው። ስለዚህ ሰውየው ሊመልሳት የገባባት ቀለበት ዋነኛ ማስረጃ ሆና ቀረበችበት። ዐቃቤ ሕጉ "የአንዲት መበለት የጋብቻ ቀለበት ሳይቀር!" ብሎ ሲናገር አዳራሹ በሙሉ ሲኒማን በጥላቻ አየው። እሱ ሊመልሳት መግባቱን አልተናገረም። ለምን እንደገባ ቢናገር ቦርሳውን ለማን እንዳቀበለ መናገር ይመጣል።

መርማሪው ከዚያ በፊት ብዙ ደክሞበታል።

"ብቻህን ከሆንክ ማን ቆለፈብህ?"

"ንፋስ ይሆናል።"

"ንፋስ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ያዞራል?"

"እንደ ንፋሱ ነው።"

ወርቁ የለም፤ በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ስለዚህ ሁለተኛ ሰው እንዳለ ሕፃንም ያውቃል። ስሙን ቢናገር ቅጣቱ በግማሽ እንደሚቀልለት ነገሩት። ብቻዬን ነበርኩ አለ። አራት ዓመት ተፈረደበት።

አማቹ ቁልፍ ሠሪ መሆኑ ለመርማሪው ሳይታየው አልቀረም። ሱቁ ድረስ መጥቶ ዙሪያውን አየ፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካ። ሲወጣ ግን ለረዳቱ የተናገረው ይህን ነው፤ "እሱ አይደለም። አማቹ ቢሆን ኖሮ አይቆልፍበትም። ይሄ በሰውየው ላይ ቂም የያዘ ወይም ድርሻውን ሊበላ የፈለገ ነው።" መርማሪውም ፊልም ሳያይ አይቀርም። እንዲህ ሆኖ ሰውየውን ያሳሰረው መቆለፍ ቆላፊውን ነጻ አወጣው።

የቁልፍ ሠሪው እህት፣ የሲኒማ ሚስት፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ትተኩሳለች። ባሏ ሌባ መሆኑን የሰማችው በታሰረበት ቀን ነው፤ አንድ ቀን አለቀሰች፣ በነጋታው ሥራ ገባች። ሌባ መሆኑን እንደ በሽታ ተቀበለችው፤ ያመመው ሰው አይጣልም። መታገሥ ያቃታት ያንን የቆለፈውን ሰው ነው።

ቁልፍ ሠሪው በየእሁዱ ዘይቱንም ዱቄቱንም ተሸክሞ ይመጣል። ከገዛ ድካሙ ነው፤ ወርቁ እንደተጠቀለለ ሱቁ ውስጥ ከዛጉ ቁልፎች ሥር ተቀምጧል፣ ደንቡ የታሰረው እስኪፈታ አይነካም ይላልና። እህቱ ምሳ ታቀርብለታለች። ከዚያ ትጀምራለች።

"ወንድምጋሼ፣ አንተ የበር ነገር ታውቃለህ። እንዲህ አድርጎ የሚቆልፍ ማነው?"

"ብዙ ነው፣ እህትዓለም።"

"አጠያይቅልኝ። አንድ ነገር አልለምንህም፣ ይቺን ብቻ። ባሌ አይነግረኝም። 'ሁልጊዜ አንድ አለ' ይለኛል እንጂ ስም አይጠራም። ሲሸጡትም አፉን አይከፍት።" እንጀራ እየጨመረችለት፣ "ያዞረበት እጁ ይቆረጥ" ትላለች።

ቁልፍ ሠሪው በዚያው እጁ ይጎርሳል። መጀመሪያ ሰሞን ምግቡ አልወርድ ብሎት ነበር። ኋላ መውረድ ጀመረ፤ እሱን የበለጠ ያስፈራውም ይኸው ነው። እሁድ በመጣ ቁጥር እርግማኑን እየሰማ "አሜን" ለማለት ምንም አልቀረውም። እህቱ ከሰው ሁሉ አንድ የምታምነው እሱን ነበር፣ ያውም በመቆለፉ ምክንያት። ወንድሟ በባሏ ላይ በር ይቆልፋል ብሎ ማን ያስባል?

አንድ እሁድ ምሳ ሳይበላ ቀረ። እስር ቤት ሄደ። ድርሽ አይባልም የሚለው ደንብ የፈረሰው በዚህ ነው።

የመጠየቂያው ቦታ በሽቦ ሁለት የተከፈለ አዳራሽ ነው። ከወዲህም ከወዲያም ሰው ይጯጯሃል፤ ምስጢር ለማውራት ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም፣ ማንም የማንንም አይሰማም። ሲኒማ ሲመጣ ከስቷል፣ ግን ፊቱ ጥሩ ነው። አማቹን ሲያይ ቆም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ሳቀ።

"መምጣት አልነበረብህም" አለ።

"አውቃለሁ።"

"ተቀመጥ በል። እዚህ እኮ ሰው ሆኛለሁ። ማታ ማታ ፊልም እተርክላቸዋለሁ። ሲያልቅብኝ የራሴን ተረክሁላቸው። ስም የለም፣ አትፍራ። ሲሸጥ ያልሸጠው ሰውዬ ይሉኛል። ምርጡን አልጋ የለቀቁልኝ በዚህ ነው።"

ቁልፍ ሠሪው ሽቦውን ያዘ። "ስማኝማ..."

"ለምን ቆለፍክብኝ ብዬ አልጠይቅህም። ብዙ አስቤበታለሁ። በሩ ሲዞር ሰማሁት፤ በቀስታ አንኳኳሁ፤ ስትወርድ ከሰው ጋር ስታወራ ሰማሁህ። ያኔ ገባኝ። ወርቁ በእጅህ ነው፣ እኔ ውስጥ ነኝ። እኔም ብሆን ያ ቦታ ላይ ፊልሙን እንደዚያ ነበር የምሠራው። ተናድጄብህ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። እኔ የራሴን ቃል ጠበቅሁ። ያ ይበቃኛል።"

"አልሸጥኩህም" አለ ቁልፍ ሠሪው።

"ተው እንጂ።"

"ረስቼህ ነው።"

ሲኒማ ጆሮውን ወደ ሽቦው አስጠጋ። "ምን?"

"ረሳሁህ። ሴትየዋ ስታናግረኝ ረሳሁህ። እጄ ቆለፈ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብዬ ዘገየህ ብዬ ስሰድብህ ነበር።"

በጎን ያለች አሮጊት ለልጅ ልጇ ስለ ጥርጊያ መንገድ ክርክር ትጮሃለች። ቁልፍ ሠሪው የሚጠብቀው ይቅርታ ነበር፤ ቢያንስ እፎይታ። አልተሸጥኩም ብሎ የማይደሰት ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም።

"ቦርሳውን ግን አልረሳኸውም" አለ ሲኒማ።

"በእጄ ነበር።"

"ሳጥንህንም።"

"እሱንም።"

"እኔን እንደ ዣንጥላ ትተኸኝ ወረድክ።" ድምፁ ከፍ አላለም። "ብትሸጠኝ ይሻለኝ ነበር። የሚሸጥ ሰው ቢያንስ ከመሸጡ በፊት ያስብሃል፤ ሌሊት ይገላበጣል፤ ዋጋ ያወጣልሃል። እኔ ስንት ወር ሙሉ ካንተ ጋር ስሟገት ከረምኩ። አንተ ደግሞ እዚያ አልነበርክም።"

"ሄጄ ልናገር? ዛሬውኑ እናገራለሁ። ቅጣትህ ይቀልልሃል።"

"አርፈህ ተቀመጥ። ሁለታችንም ገብተን እሷን ማን ሊያያት ነው? ብቻዬን ነበርኩ ብያለሁ፣ አለቀ።" ተነሣ። ከመሄዱ በፊት ግን ዞር አለ። "ለካ ውሸቴንም አልነበረም" አለ። "ብቻዬን ነበርኩ።"

በዚያ ምሽት እስረኞቹ ፊልም ጠየቁት፤ አሞኛል ብሎ ተኛ።

ሲኒማ ለፖሊስ አልተናገረም፤ እስከ መጨረሻውም አልተናገረም። ለሚስት አይነገርም የሚል ደንብ ግን የለም። እሱ ባያቸው ፊልሞች ውስጥ ሌቦቹ ሚስት የላቸውም፤ ቢኖራቸውም አንሶላ ስትተኩስ ውላ ሳሙና ገዝታ ልትጠይቅ የምትመጣ አይደለችም። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስትመጣ "ማነው የሸጠህ?" አለችው፣ እሱም "ማንም አልሸጠኝም" አላት፤ ከዚያ ሁሉንም ነገራት።

በነጋታው ጠዋት ወደ ሱቁ መጣች። ቁልፍ ሠሪው ሲያያት ሆዱን ስቦ ቦታ ለቀቀላት። አልገባችም።

"እንደ ማድ ቤቷ ሴትዮ?" አለችው።

"አዎ" አለ።

ራሷን ነቀነቀች። ያንን ታሪክ ስንት ጊዜ ስቃበታለች። ሁሉም በእጇ ነበር፤ ወንድሟ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ በሩ እንዴት እንደተቆለፈ። እሷም እንደ ባሏ፣ እንደ መርማሪውም፣ ከሃዲ ስትፈልግ ከረመች።

"ለቤቴ አዲስ ቁልፍ ግጠምልኝ" አለች። "ከውስጥ የሚቆለፍ።"

ሳጥኑን ይዞ ተከተላት። ሲሠራ ቆማ አየችው። አሮጌውን ነቀለ፣ እንጨቱን አስተካከለ፣ አዲሱን ገጠመ፣ ዘይት ቀባ፤ የወደቀውን ፍቅፋቂ በእጁ ሰበሰበ። ያ ሥራ ከሠራቸው ሁሉ ይበልጥ የተጠነቀቀበት ነው። ቁልፎቹን በሙሉ ሰጣት፤ ከመደረቢያዋ ኪስ ከተተቻቸው።

"አንተ ጋ አልቀረም?"

"አልቀረም።"

"ግን ትከፍተዋለህ።"

"ብፈልግ እከፍተዋለሁ።" ዊንጮቹን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ፣ "አልከፍተውም" አለ።

"ለፖሊስ ትነግራለች ብለህ አትስጋ" አለችው። "ባሌ ብቻዬን ነበርኩ ብሏል፤ ባሌን ውሸታም አላደርገውም። ዘይቱንና ዱቄቱንም አታምጣ። እሠራለሁ እኮ።" ከዚያ "ረግሜሃለሁ" አለች። "ሳላውቅ ነው። እሱን አንሥቼልሃለሁ።"

"እህትዓለም..."

"በል ሂድ ወንድምጋሼ። ሥራ ይረፍድብሃል።"

ወጣ። ከኋላው በሩ ተዘጋ። ቁልፉ አንዴ ሲዞር ሰማ፣ ከዚያ ሁለተኛ። ድምፁ ንጹሕ ነበር፤ ምንም አይንቋቋም። ቁልፍ ሠሪው ደጃፉ ላይ ሳጥኑን እንደያዘ ጥቂት ቆመ። ከዚያ እጁ፣ እንደ ልማዱ፣ ሳይጠይቀው ወደ እጀታው ሄዶ ሳብ አድርጎ አረጋገጠ። በደንብ ተቆልፏል።